ለእርጥብ እግር

የብረት ወለል ነው፣ ቀለም የተቀባ፣
ከዳር ሲያዩት ያምራል እንደ ሙሽራ ካባ፤
ጠብታ ሲነካው ሳሙና ነው ለገባ።
ሦስት ዓመት ሙሉ ከባሕር ዳር ዘጌ
«ቀስ በሉ» ብቻ ነው ምንጣፌም ወጌ፤
ቃል ግን እግር አይዝም።

ያ ቅዳሜ መጣ።
ጠጅቱ የዘጌዋ፣ ሎሚዋ በቅርጫት፣ ጌሾዋ በጆንያ፣
አንድ እግሯ ከድንጋይ፣ አንድ እግሯ ከእኔ ጀልባ፣
ሌሊት የጣለው ዝናብ ወለሉ ላይ ተኝቷል —
ወደቀች።
ሎሚው ተበትኖ ውሃው ላይ ሲዋልል
እኔ ጎንበስ ብዬ ሎሚ ለቀምሁ።
መጀመሪያ ሎሚ። ቀጥሎ የእሷን እጅ።
ይህን ለሚስቴም አልነገርኋት።
የእጇ አንጓ ዞሮ ወጌሻ ቤት ከረመች፤
በወሩ ተመለሰች፣ ሒሳቧን ከፈለች፣
ቅርጫቷን ግን ከእኔ አርቃ አስቀመጠች።

ፈንቴ ሱቅ ገባሁ፤ ንጣፍ ዘረገፈልኝ።
«ይሄ ጥቁሩ ጎማ፣ ዝሆን አይቀደው።
ይሄ ስፖንጅ መሳዩ፣ ሆቴሎች ይወዱታል።
ይሄ ግራጫው ፕላስቲክ፣ እርስ በርሱ ይነካከሳል።»
ጥቁሩን ተውሁት፤ የሚያዝያ ፀሐይ ሲያገኘው ፍም ነው፣
የእኔ ተሳፋሪ ጫማውን በእጁ የያዘ መነኩሴ ነው።
ስፖንጁ ውሃ ይጠጣል፤
አንድ ቀን ዓሣ ካራገፍሁበት ሳምንት ያስታውሰኛል።
ግራጫውን አገላበጥሁ፤
ፊቱ ሽምብራ የሚያካክል ጉጥ አለው፣
ሆዱ ክፍት ነው፣ ውሃው በሥሩ ያልፋል።
«ውሃ አምጣልኝ» አልሁት። «ጠማህ?» «አይ፣ ላፈስበት።»
ሳሙናም ለመንሁት።
ጫማዬን አውልቄ በአንድ እግሬ ቆምሁበት፣ ዞርሁ፣ ተወዛወዝሁ፤
አንዲት ሕፃን ለእናቷ «ሰውዬው ይጨፍራል» አለች።
አልወደቅሁም። ገዛሁ።

አጎቴ ይርሳው ታንኳ ሲያስር እያየሁ አድጌያለሁ፤
በደንገል ላይ ሰው ሲንሸራተት አላየሁም፣
ከእግር ጋር ይረጥባል፣ ከእግር ጋር ይተኛል፤
ዕድሜው ግን ሁለት ክረምት አይሞላ።
ደንገል ይበሰብሳል እንጂ አይጥልም፤
ብረት ይጥላል እንጂ አይበሰብስም።
እኔ ከሁለቱ መካከል የምትገባ
አንዲት ጣት ውፍረት ነበር የፈለግሁት።

ማክሰኞ ጀልባዋን ወደ ዳር ሳብናት፣ እኔና አንሙት።
በብርጭቆ ወረቀት ዝገቱን ፋቅን፣
በጨርቅ ወለወልን፣ ሁለት ቀን አደረቅን።
አንሙት መሰርሰሪያ ይዞ መጣ፤ «በብሎን ይታሰር።»
«ልጄ፣ ጀልባው ላይ ቀዳዳ ለሚለምን
ውሃ ይመጸውቱታል» አልሁት። ማስቲሽ ይበቃል።
ኖራ የነካ ሲባጎ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ወጥረን
ከመሃል ጀመርን፤ ጀልባ ማሳ አይደለች፣
ንጣፉ አራት ማዕዘን፣ እሷ የወይራ ቅጠል።
የጎኗን ቅርጽ በማካሮኒ ካርቶን ቀድተን ቆረጥን፣
በየዳሩ አንድ ጣት ለፀሐይ ተውንለት፣
ሲሞቀው ይለጠጣልና።
የመጨረሻዋን ግን የቀኙን በግራ ቆረጥኋት።
ትርፍ የለኝም። ከሞተሩ ሥር፣ እኔ የምቆምበት፣
አንድ ስንዝር ብረት ራቁቱን ቀረ።

ቅዳሜ ጠጅቱ መጣች። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር።
ከድንጋዩ ላይ ቆማ አየችው፤
በአንድ እግሯ ረገጠች፣ ደገመች፣
ሊገዛው ያሰበውን በሬ ጥርስ እንደሚያይ ሰው።
«ስንት አወጣህበት?» ነገርኋት።
«ታሪፍ ልትጨምር ነዋ?» «የለም።»
እጄን ዘረጋሁላት።
እጄን አየችው። ቅርጫቷን አስያዘችኝ።
«አንተ ሎሚውን ያዝ» አለች፣ «እሱን ታውቅበታለህ።»
ራሷ ገባች፤ ጉጡ እግሯን ያዘ።

ቅርጫቱን ታቅፌ ሞተሩን ሳስነሳ
ተረከዜ ያቺ ስንዝር ላይ ነበር፤
ትንሽ አንሸራተተኝ።